ሮቦት፣ ሁዳድ እና የእህቴ ቀሪ ቀን

እናቴ ከቤት ስወጣ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይዘሃት ና» አለችኝ። ስለ አቡ ዳቢ ሕንፃ፣ ስለ ባሕሩና ስለ ትልቁ መስጊድ የሚያወራላችሁ ሰው አታጡም፤ ፎቶውም በየስልካችሁ ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ የት እንዳደርሁ፣ ምን እንደበላሁ፣ ማን እንደተቀበለኝና የእናቴን ትእዛዝ ለመፈጸም ምን እንደገጠመኝ ነው። ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብላችሁ፣ እዚያ የመሄድ ሐሳቡም ሳይኖራችሁ ለምታነቡት ይበቃል።

ይዤ እንድመጣ የታዘዝሁት ታናሽ እህቴን ጦይባን ነው። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። አቡ ዳቢ ውስጥ አል ሻምኻ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቤተሰብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እዚያ ያሉት ኢቃማ የሚሉት፣ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ከታደሰ ሁለት ዓመት ትጨምራለች፤ ከተሰረዘ ትመጣለች። በስልክ ስንጠይቃት ግን «ስትመጣ እናወራለን፣ ጋሼ» ከማለት በቀር ቁርጡን አልነገረችንም። እናታችን ሰማንያ ሊሞላት ነው። ሁለት ዓመት ለእሷ ረጅም ነው።

ረቡዕ። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ከሰዓት በኋላ አቡ ዳቢ ገባሁ። ከበሩ ስወጣ የመታኝ ሙቀት ባቲ ገበያ በግንቦት እኩለ ቀን የሚመታው ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ ባቲ ላይ ዛፍ ሥር ገብታችሁ ትተርፋላችሁ፤ እዚህ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። ጋቢዬን ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ስመጣ የሳቁብኝ ሁሉ ይህን ያንብቡ።

የተቀበለኝ ዳዊት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምሬዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ስላቃተው «ወላጅ ይዘህ ና» ብዬ ያባረርሁት ልጅ፣ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሆኗል። እኔን እስካሁን «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ቤቱ አሳደረኝ፤ ሆቴል ብዬ ብጠይቅ ሊቆጣኝ ነበር።

እራት ሲቀርብ እሱና ባለቤቱ ተያዩ። ጴንጤ ናቸው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እኛ አገር ደግሞ ሥጋችን እንደማይገናኝ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ለእኔ ብላ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ሠርታ ነበር። በላሁ፤ አመሰገንሁ። ከበላሁ በኋላ ዳዊት ትዝ ሲለው በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ እዚህ አገር እኮ ከሱቅ የምንገዛው ሥጋ ሁሉ የእናንተ ነው! እኛ ራሳችን የምንበላው ሌላ የለም» አለኝ። ባለቤቱ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። በማግስቱ በግ ጠበቀኝ።

ሐሙስ። ዳዊት ወደ ሥራው ሲሄድ አል ሻምኻ አደረሰኝ። ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነው፤ አጥር፣ ከዚያ ሌላ አጥር፣ በመካከሉ አሸዋ። እኛ ጋ ጎረቤት በአጥር ላይ ይጣራል፤ እዚያ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ጎረቤት መኖሩን የምታውቁት በመኪናው ነው። ጦይባ በሩን ከፍታ ስትወጣ አቀፍኋት። ወፍራለች፤ እኔን ደግሞ «ከስተሃል» አለችኝ። ሁለታችንም እውነት ነው ያልነው።

የቤቱ እመቤት፣ ጦይባ ማዳም የምትላት፣ ሳሎን አስገባችኝ። በልጅነቴ ቁርኣን የቀራሁበትን ዓረብኛ አሟጥጬ ሰላምታ ሰጠሁ። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ወደ ኮሪደር ሮጡ። ኋላ ጦይባ እንደነገረችኝ፣ የዜና አንባቢ መስዬ ነበር። ማዳም ግን ሳትስቅ መለሰችልኝ፤ ተምርና ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበችልኝ፤ ስለ እናቴ ጤናም ሦስት ጊዜ ጠየቀች።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ከሶፋው ሥር አንድ ክብ ጥቁር ነገር፣ የትሪ ስፋት ያለው፣ እያጓራ ወጥቶ ወለሉን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። እግሬን ሰበሰብሁ። ትንሹ ልጅ ሮጦ መጣና «ጦይባ! ጦይባ!» እያለ ከእግሬ ሥር መለሰው። እህቴን የጠራ መስሎኝ ዞር አልሁ። እህቴ ወጥ ቤት ነበረች። የተጠራው መጥረጊያው ሮቦት ነው።

ወጥ ቤት ገብቼ «ይኼን ስም ማን አወጣለት?» አልኋት።

«ልጆቹ ናቸው። እሱ ትንሿ ጦይባ፣ እኔ ትልቋ ጦይባ» አለችና ሳቀች። «ሲወዱኝ ነው፣ ጋሼ።»

እኔ አልሳቅሁም። «አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ስሟን ለመጥረጊያ አወረሰች ብዬ ለእናትሽ ልንገራት?»

«በቃ፣ አትንገራት።»

«ኢቃማሽስ?»

«አላሳደስሁም፤ አላሰረዝሁም። ማዳም የእኔን ቃል እየጠበቀች ነው።»

«ምን ያዘሽ ታዲያ?»

ሽንኩርቱን መክተፍ አቆመች። «አል ዐይን ከተማ ላይ ያለብኝ ነገር አለ። እሱን ሳልጨርስ አልሄድም።»

«ገንዘብ ነው?»

«ፍሉስ አይደለም።»

«ሰው ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ ጋሼ!» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው። ይዤህ እሄዳለሁ፤ በዓይንህ ታያለህ።»

ማታ በጉን እየበላን ብስጭቴን ለዳዊት ዘረገፍሁለት። ሰው በማሽን ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ፣ ማሽን በእህቴ ስም ሲጠራ ግን ሰውነቴ አልቀበል አለ፣ አልሁት። ዳዊት አጥንቱን አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

«ቲቸር፣ ሮቦት የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

«እንግሊዝኛ ነዋ።»

«አይደለም፤ ከቼክ ነው የመጣው። እኛ ሥልጠና ስንወስድ አንድ የቼክ ሰው ነበር ያስተማረን። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አንድ የአገሩ ደራሲ ቲያትር ሲጽፍ፣ በፋብሪካ ተሠርተው ለሰው የሚሠሩ ፍጡራን አሰበ። ስም አጣላቸው። ሠዓሊ ወንድም ነበረው አሉ፤ ብሩሽ በአፉ ነክሶ ሥዕል ሲሥል ገብቶ ‹ምን ልበላቸው?› ሲለው፣ ‹ሮቦት በላቸው› አለው። ከዚያ ዓለም ሁሉ ወሰደው።»

«ሮቦት ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«ሮቦታ ከሚለው ቃላቸው ነው። ገበሬው በሳምንት ይህን ያህል ቀን የራሱን እርሻ ትቶ ለመሬት ጌታው በነፃ የሚሠራው ሥራ። ግዴታ ነው፤ መቅረት የለም። ሰውየው ይህን ሲነግረን በአማርኛ ምን እንደሚባል አጣሁት።»

እኔ አላጣሁትም። «ሁዳድ» አልሁት። ዳዊት ቃሉን ከታሪክ መጽሐፍ ነው የሚያውቀው፤ እኔ በእጄ አውቀዋለሁ።

አባቴ በሳምንት ሁለት ቀን ለባላባቱ ሁዳድ ይወጣ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ወባ ጣለውና በእሱ ፋንታ እኔ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ አረም ነቀልሁ። ማታ የባላባቱ ወኪል በከዘራው ወደ እኔ እያመለከተ «ይኼ ግማሽ ነው» አለ። የእኔ ሁለት ቀን ለአባቴ አንድ ቀን ሆኖ ተቆጠረ። ቤት ስገባ እናቴ ውኃ የቋጠረ መዳፌን በሞቀ ውኃ እያጠበች «ስንት ቆጠሩልህ?» አለችኝ። «ግማሽ» አልኋት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ላራሹ ታወጀና ሁዳድ ቀረ፤ ጦይባ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይታ ስለተወለደች ቃሉንም አታውቀውም። የዳዊት ባለቤት ሻይ ጨመረችልኝ።

ዓርብ። ለጁሙዓ ብቻዬን በአውቶቡስ ወጣሁ። ዳዊት የአውቶቡስ ካርድ ሞልቶ ሰጠኝ፤ እንዴት በማሽኑ ላይ እንደሚነካ ሦስት ጊዜ አሳየኝ፤ እኔ አስተማሪው እንደ ተማሪ ደገምሁለት። ገብቼ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አገኘሁና ተደላድዬ ተቀመጥሁ። ሰው ያየኛል። ጋቢዬን ነው የሚያዩት ብዬ ጫፉን አስተካከልሁ። ሁለት ጣቢያ ከሄድን በኋላ አንዲት ፊሊፒናዊት ትከሻዬን ነካ አድርጋ ከበላዬ ያለውን ሥዕል አሳየችኝ። የሴቶች ወንበር ነበር። ተነሥቼ ስሄድ ጋቢዬ በወንበሩ ጠርዝ ተያዘና፣ ሦስት ሴቶች ተባብረው አላቀቁኝ። እንደ እኛ ታክሲ ቢሆን ኖሮ ገና ስቀመጥ ረዳቱ «አባባ፣ ወደ ኋላ!» ይለኝና ያልቅ ነበር።

ቅዳሜ። ዳዊት ዕረፍት ስለነበረ ጦይባን ከአል ሻምኻ ይዘን በጠዋት ወደ አል ዐይን ተነሣን። ትልቁን መንገድ ትቶ በስዌይሃን በኩል ወሰደን። «ቲቸር፣ ሌላ ዓይነት ሮቦት ላሳይዎት» አለ። አሸዋው ከቢጫ ወደ ቀይ እየሄደ ነበር። ከአንድ የግመል ማሰልጠኛ ሜዳ ዳር ቆመን ከአጥሩ ውጪ አየን፤ ግመሎች በሰልፍ እየሮጡ፣ በየጀርባቸው የጨርቅ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዶሮ የሚያህል ማሽን ጉብ ብሎ በትንሽ አለንጋ ያርገበግባል። ባለቤቶቹ በጎን በመኪና እየተከተሉ ከሩቅ ያዙታል። ድሮ ክብደታቸው ስለሚቀል ሕፃናት ነበሩ የሚቀመጡበት፤ ያ ተከልክሎ ነው ይህ የመጣው፣ አለን ዳዊት። በመጥረጊያው ላይ የነበረኝ ቂም እዚያ ጋ ትንሽ ላላ። ሕፃን ወርዶ ማሽን ከወጣ፣ ይውጣ።

አንድ ሱዳናዊ ጠባቂ አይቶን ትኩስ የግመል ወተት በጎድጓዳ ሳሕን አመጣልን። እንደ አፋር ወተት ጢስ ጢስ አይልም፤ ጨው ጨው ይላል። ዳዊት አንዴ ቀምሶ ለእኔ አሳለፈው፤ ጦይባ ጨረሰችው።

አል ዐይን ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ዛፍ ነው፤ አገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። ጦይባ የወሰደችን ከተምር እርሻው አጠገብ ወዳለ አንድ አሮጌ ቤት ነው። ደጁ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል። ከውስጥ የሴቶች ሳቅና የውኃ ድምፅ ይሰማል። የቤቱ ባለቤት ሩቂያ የምትባል የወረኢሉ ልጅ ናት፤ እሷም ድሮ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ባሏ ኢብራሂም የውኃ ቦቴ ሾፌር ሆኖ ቤት ተከራይተዋል። ወሎ የቀሩት ሁለት ሴት ልጆቿ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊመጡላት ነው። ሦስት የአገራችን ሴቶች ወለል ይፈገፍጋሉ፣ መስኮት ያጥባሉ። ጦይባ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ባልዲ አነሣች። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ወንፈል ነው?» አልኋት።

«ወንፈል ነው» አለች።

ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የእኔን ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አርሳለሁ ነው። የሚመለሰው በቀን ነው። እነዚህ ሴቶች ደግሞ እርሻ የላቸውም፤ ያላቸው የዕረፍት ቀን ነው። እሱን ነው የሚበዳደሩት። ሩቂያ ባለፈው ወር ሁለት ቅዳሜዋን ለጦይባ ሰጥታ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕቃዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በካርቶን አሽጋ በካርጎ ልካላታለች።

«ዕቃሽ ሄዷል?» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ አለ። «መምጣት ፈልገሽ ነበር ማለት ነው!»

«ፈልጌ ነበር ምን ማለት ነው? እፈልጋለሁ እንጂ። ግን ሁለት ቀን አለብኝ። አንዱን ዛሬ እመልሳለሁ። ሌላው ዕረፍቴ ገና በአሥራ አምስት ቀን ነው፤ ኢቃማው ከዚያ በፊት ያልቃል። ካሰረዝሁት ደግሞ ቲኬት ቆርጠው በቀናት ውስጥ ይሸኙኛል።»

ሩቂያ ከመሰላል ላይ ሆና ሰማችን። «ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ትቼላታለሁ፤ በአላህ ስም ትቼላታለሁ። እሷ ናት እንቢ ያለችው።»

«ማዳምን አንድ ቀን ለምኚያታ» አልሁ።

ጦይባ ባልዲውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት የማዳምን ቀን ነው። ደሞዜን ተቀብያለሁ፤ ቅር ያለኝ የለም። የእኔ ቀን የምለው ቅዳሜዬን ብቻ ነው። ሩቂያ የራሷን ቅዳሜ ሰጠችኝ። ሳልመልስ ብሄድ፣ የእሷን ቅዳሜ ይዤ ነው የምሄደው። ለምኜ ባመጣው ደግሞ የማዳም ስጦታ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።»

ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ በዓሣ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ። እኔ ግን አሳቤ ሌላ ጋ ነበር። ወንፈል ሲሠራ ሰው ቢታመም ወይም መንገድ ቢሄድ ወንድሙ ወይም ልጁ ገብቶ ይሞላለታል፤ እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከጠመኔ የከበደ ነገር ካነሣሁም ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ሆኖም የጦይባ ወንድም ነኝ።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ «ነገ እኔ እሠራለሁ» አልሁ። «የጦይባን ቀን።»

ሴቶቹ መጥረጋቸውን አቆሙ። ጦይባ «በዚህ ሙቀት? አይሆንም!» አለች። ሩቂያ ግን ከመሰላሉ ወርዳ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ሰው እንደዚያ ሲያየኝ፣ በከዘራ ከጠቆመኝ ከባላባቱ ወኪል ወዲህ አላስታውስም። «ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን» አለች። ማታ ዳዊት ጦይባን ይዞ ተመለሰ፤ በማግስቱ አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ በሚባል ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ነበረው። እኔ እነ ሩቂያ ጋ አደርሁ።

እሑድ። ከሶላት በኋላ ኢብራሂም በተምሩ እርሻ መካከል አሳልፎ ወሰደኝ። በጠባብ ቦይ ውኃ እየሄደ ነበር። ድሮ ውኃው በተራ ነበር የሚከፋፈለው፤ የእገሌ ሰዓት ሲሞላ የእገሌ ቦይ ይከፈታል፣ አለኝ። ተራውን ማንም አያልፍም ነበር አሉ። ደስ ብሎኝ ጥቂት ቆምሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራ።

የተሰጠኝ ሥራ የልጆቹን ክፍል ሰማያዊ ቀለም መቀባት ነው። ኤሲው ገና አልተገጠመም፤ አንድ ቬንትሌተር አለ፤ እሱም ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። መጀመሪያ ቀለሙ ጢሜ ላይ ነጠበ። ቀጥሎ ቆርቆሮውን በእግሬ መታሁት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግድግዳው ዥጉርጉር ሆኖ፣ እኔም ዓይኔ ጨለም አለብኝ። ሩቂያ አስቀምጣ የጨውና የሎሚ ውኃ አጠጣችኝ። ብሩሹን በእጄ እንደያዝሁ የዚያ ቼክ ሠዓሊ ነገር ትዝ አለኝ፤ እሱም ወንድሙን ሊረዳ ነው ቃሉን የወረወረለት። ተነሥቼ ቀጠልሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ተቀመጥሁ፤ ደግሜ ተነሣሁ። አሥር ሰዓት ላይ አራቱም ግድግዳ አለቀ። ሩቂያ ሮለሩን አንሥታ በመስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ እንደገና ቀባችው።

እጄን እየታጠብሁ ግማሽ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በመዳፌ ላይ ያው የዘጠኝ ዓመቱ ውኃ መቋጠር አለ።

«ጋሽ ሰይድ» አለች ሩቂያ፤ «የጦይባ ቀን ሞልቷል። ምንም የለባትም።»

«አንዱን ግድግዳ እኮ አንቺ ደገምሽው» አልኋት።

«እሱን ተወው። ከሱብሒ እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ነበርህ አይደል? ሙሉ ቀን ነው።»

ጓሮ ወጣሁና፣ ላብ የምጠርግ መስዬ አለቀስሁ።

ሰኞ። ኢብራሂም በጠዋት አል ሻምኻ አደረሰኝ። ጦይባ ከሩቂያ ሰምታ ኖሮ ሽርጧን ሳትፈታ ማዳም ፊት ቆማ ነበር። እኔ በር ላይ ቆምሁ። ጦይባ በዓረብኛ ጥቂት ተናገረች። ማዳም የጦይባን እጅ ይዛ ዓይኗን ጠረገች። ከሰዓት በፊት ወረቀቱ እንዲሰረዝ ለባሏ ደወለች። ለእናቴም ሽቶ፣ አንድ ጣሳ ተምርና የሱፍ ሻል ሰጠችኝ። ትንሹ ልጅ መጥረጊያውን በሁለት እጁ አቅፎ መጣና ጦይባን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለ?» አልኋት።

«‹ስትሄጂ ስሙን እንቀይረው ወይ?› ይላል።» ወደ እኔ ዞረች። «ምን ልበለው?»

«ተዉት በይው» አልሁ። «ቢያንስ ያስታውሱሻል።»

ማክሰኞ። ዳዊትና ባለቤቱ በጠዋት ሸኙኝ፤ ለመንገድ ብላ የበግ ጥብስ በፌስታል ቋጥራልኝ ነበር። ሐይቅ የገባሁት ሲመሽ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ነው።

«ብቻህን ነህ?»

«ወረቀቷ እየተሰረዘ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። የወንፈል ቀን ነበረባት፤ እሱ ነው ያቆያት።»

እናቴ ወንፈል ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ማን ሞላላት?» አለች።

«እኔ።»

እጄን ሳበችና መዳፌን ገልብጣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል። ውኃ የቋጠረውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ስንት ቆጠሩልህ?»

«ሙሉ» አልኋት።

መዳፌን ሳትለቅ ቆየች። «አባትህ ይህን ሳይሰማ ሞተ» አለች። ጦይባ በዘጠነኛው ቀን ገባች።